ሰኞ መቃብር አይከፈትም

ክሉናራ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1963

ለእህቴ ልጅ ለዊኒፍሬድ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ንቄሽ አይደለም፤ እኔና ብዕር ስለማንስማማ ነው። እናትሽ ሲሊያ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ወንድሜ ኦስቲን ስሙን ለመጻፍ አንድ ሻማ ይጨርሳል» ትል ነበር አሉ። ውሸቷን ነው፤ ግማሽ ሻማ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህር እኔ ልጻፍልዎ ብሎኝ ነበር። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ጉዴን በራሴ ትከሻ ስሸከም ኖሬ ዛሬ ለመምህር አላሸክምም አልኩት። ስለዚህ እጄ ቢንጋደድም ታገሺው።

ብራድፎርድ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ከገና ወዲህ በረዶው አልለቀቀንም። በጎቼን ከግንቡ ሥር በአካፋ እየፈለግሁ ነው የማወጣ። ለጤናዬ አታስቢ፤ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ተስማምተን አለን።

ስለ አጎትሽ ስለ ማላኪ መጽሐፍ ልትጽፊ መነሣትሽ ደግ ነው። የዘር ሐረጋችንን ላልሽው፣ አባታችን ጄምስ ጊንቲ፣ እናታችን ኦኖራ ካፍሪ። የአባታችን አባት ደግሞ ጄምስ ነው። ከእሱ በላይ ያለውን አላውቅም። ከእሱ በላይ ድንቹ የጠፋበት የረሃብ ዘመን ነው፤ ረሃብ ስም አያስቀርም። ማላኪ የበኩር ልጅ፣ እኔ ተከታዩ፣ እናትሽ መጨረሻ። ማላኪ አላገባም። ከእኔና ከሚስቴ ከዴሊያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሞተ።

ጋዜጦቹ «ደራሲውና ገበሬው ማላኪ ጊንቲ» ይሉታል አልሽኝ። እኔም አይቻለሁ። ደራሲው እሱ ነበር፤ ገበሬው እኔ ነኝ። ላሚቱ ስትወልድ እሱ ስለ መውለዷ ይጽፋል፣ እኔ እጄን እስከ ክርኔ አስገባለሁ። ይህ ለመጽሐፍሽ አይደለም፤ ለአንቺ ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ብቻ ዶማ ከያዘ እግሩን ይመታል።

ከማን ጋር ነው የተቀበረው ላልሽው፣ ከወላጆቹ ጋር ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሐውልት እናቁም ያልሽውንም ተይው። የእኛ መካነ መቃብር ከባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሐውልት አይወድም።

አጎትሽ፣
ኦስቲን ጊንቲ


ክሉናራ፣ ማርች 18 ቀን 1963

ለዊኒፍሬድ፣

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ትናንት አለፈ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ሄሽን እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና ደብዳቤሽን አሳዩኝ። ለምን ለቄሱ ጻፍሽ? እኔ መልስ አልከለከልኩሽም። ፖስተኛው ብስክሌቱን ከግንቡ ላይ ሲያስደግፍ ባየሁ ቁጥር ወደ በረቱ እሸሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ቄሱም ፖስተኛ ሆኑብኝ።

የማላኪን መጽሐፍ የሚወዱ የዱብሊን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሐውልቱን ድንጋይ ለጠራቢ እንደሰጡ ከእሳቸው ሰማሁ። ሳትነግሪኝ።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ማላኪ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ያለው የባሕር ሣር ሌባ እውነተኛ ሰው ነው ወይ ብለሻል። ስሙን ለውጦታል፣ አንካሳነቱን ግን አልለወጠውም። ስለዚህ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አገሩ ሁሉ የዶምኒክ ፓደን አባት መሆኑን አወቀ። እዚህ የባሕሩ ዳር ለየቤቱ የተከፈለ ነው። ማዕበሉ የሚተፋውን ሣር ሁሉም ከድርሻው ለቅሞ ለድንቹ ማሳ ማዳበሪያ ያደርገዋል። ከሰው ድርሻ ሣር ማንሣት ከኪሱ ከመስረቅ ይብሳል። ሽማግሌው ፓደን ሠርቆ ይሁን አይሁን እኔ አላየሁም። ማላኪም አላየም። ግን አሳምሮ ጻፈው፤ ሰውም ስላማረ አመነው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሰው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ምርኩዙን ተደግፎ ከበሩ ሥር እንደ ቆመ አስቀድሶ፣ ማንም ሳይወጣ ይሄዳል። እንዲያው እንዳለ ሞተ።

ልጁ ዶምኒክ ሚስት የለውም። ከእኔ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሠላሳ ዓመት አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱ ባሕሩን ያያል፣ እኔ ተራራውን። እሱን ልታነጋግሪ እንዳትሞክሪ።

የዴሊያ ስም ከሐውልቱ ላይ ይግባ ወይ ላልሽው፣ አይግባ። ሚስቴ ናት፣ ማዘዝ እችላለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ከጠየቅሽኝም አልመልስልሽም።

ኦስቲን ጊንቲ


ብራድፎርድ፣ ማርች 27 ቀን 1963

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለአባ ሄሽን ሳላስፈቅድዎ መጻፌ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ ግን ከእጄ ወጥቷል። ድንጋዩ ተጠርቧል። አባ ሄሽን አሸዋው ስለሚንሸራተት መሠረቱ ጠልቆ መቆፈር አለበት ብለዋል። ጰራቅሊጦስ ባለፈ ሳምንት አጎራባች መቃብር ያላቸውን ሁሉ ጠርተው ድንበራቸውን በፊታቸው እንዲያሳዩ ያደርጋሉ። የፓደንን ቤተሰብም ጠቅሰዋል፤ የእነሱ ከእኛ ቀጥሎ ነው አሉኝ።

ስለ አክስቴ ዴሊያ ቀብር እናቴን በጠየቅኋት ቁጥር ወሬ ትቀይር ነበር። እርስዎም ይቀይራሉ። አጎቴ፣ የሚፈሩት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ካልነገሩኝ ባላወቅሁት ነገር ላይ ድንጋይ ልጭን ነው።

አክባሪ ልጅዎ፣
ዊኒፍሬድ


ክሉናራ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1963

ዊኒ ልጄ፣

አታስቆፍሪ። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አታስቆፍሪ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እህል አልዋጥ ብሎኛል። ወደ መቃብሩ ወርጄ ግንቡ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲመጣ በግ የጠፋብኝ መስዬ እነሣለሁ። ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ላንቺ ልጽፍ ነው። አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ዴሊያ የሞተችው ዓርብ ነው፣ በኖቬምበር፤ ቀብሯ ሰኞ ዋለ። አንቺ እንግሊዝ ተወልደሽ ታውቂው እንደሁ አላውቅም፤ እዚህ ሰኞ መቃብር አይከፈትም። ከተከፈተ ሌላ ሬሳ ይከተላል። ቀብር ሰኞ ላይ ከወደቀ ከቤተሰቡ አንዱ እሑድ ዶማ ይዞ ይወርድና አንዲት ቁራጭ ሣር ይፈነቅላል። ያን ጊዜ መቃብሩ እሑድ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሰኞ የሚመጡት ጎረቤቶች የተጀመረውን መጨረስ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

እኔ ከአስከሬኗ አጠገብ አልነሣም ስላልኩ ማላኪ ወረደ። በዚያ ሳምንት ማዕበሉ አሸዋውን አንሥቶ መቃብሩ ላይ ደፍቶት ነበር። የእኛ ሰው መቃብር ላይ ስም የለም፤ ከሜዳ የመጣ ድንጋይ ነው የሚተከለው፣ ድንጋዮቹ ደግሞ ተቀብረዋል። ማላኪ ነፋሱ ፊቱን እየገረፈው ከፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጀምሮ በእርምጃ ለክቶ ሣሩን ፈነቀለ። ለክቶ ስልሽ እንደ ደራሲ ለክቶ ነው።

ሰኞ ጎረቤቶች ሣሩ ከተፈነቀለበት ቆፈሩ። ማንም ቦታው ልክ ነው ወይ አላለም። የተፈነቀለ ሣር ባዶውን ተትቶ ሌላ ቦታ አይቆፈርም፤ የተከፈተ አፍ ሳይጎርስ አይዘጋም ይላሉ። አጥንት ወጣ፤ አጥንት ሁሌም ይወጣል። የእናቴ መስሎኝ ተሳለምኩት።

ማላኪ ከዴሊያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ቀኑ ረቡዕ፣ አየሩም ጸጥ ያለ ነበር። ቆፋሪዎቹ የአያታችንን ድንጋይ አግኝተው በእሱ ሥር ቆፈሩ። እኔ ከዳር ቆሜ የዴሊያን ሬሳ ሣጥን ለማየት ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ዓመት የሆነው ሳንቃ ገና ሙሉ ነው። አልነበረችም። የእናቴ የበሰበሰ ሳንቃና አሸዋ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ቆፋሪዎቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ዶማቸውን ያያሉ። በግራዬ የእኛ ያልሆነው ጉብታ ነበር፣ የእነ ፓደን። ሚስቴን የት እንዳስተኛኋት ያን ጊዜ ገባኝ።

ገባሽ? ማላኪ አባታቸውን ሌባ ብሎ ጻፈ። ደግሞ ሚስቴን ከሰውየው ጎን አስገባት።

የዶምኒክ ወንድም ማይክል የሞተ ጊዜ መቃብራቸውን ሊከፍቱ እንደሆነ ስሰማ በሬን ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ሣጥኗን በትከሻቸው ተሸክመው ደጄ ላይ ሲያስቀምጧት ይታየኝ ነበር። እንካ፣ ያንተ ናት ሲሉኝ። ማንም አልመጣም። ለምን እንዳልመጡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አለማወቁም አሳረፈኝ አልልሽም። አሁን አባ ሄሽን ሁሉንም ጠርተው በፀሐይ ሊያስቆፍሩ ነው። ዶምኒክ በቄስ ፊት ከመቃብሬ አውጡልኝ ቢል ማን ይከለክለዋል? መብቱ ነው።

የዱብሊን ሰዎች ድንጋያቸውን ሌላ ቦታ ያቁሙት። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያቁሙት።

አጎትሽ ኦስቲን


ክሉናራ፣ ሜይ 4 ቀን 1963

ዊኒ፣

«ዶምኒክ ከቄስ አፍ ከሚሰማው ከእርስዎ ይስማው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይህን ቤቴ ተቀምጠሽ ብትናገሪው ኖሮ በሩን አሳይሽ ነበር። ሩቅ ስላለሽ ነው የተረፍሽ።

ሄዱ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ሄጃለሁ፤ አልገባሁም። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ጥሩ ትንባሆ ገዛሁ። ከበሩ ስደርስ ውሻው ጮኸ፣ እሱም ከውስጥ ሲስል ሰማሁት። ጦርነት ያየ ሰው አይደለሁም፣ ግን ጦርነት ምን እንደሚመስል ገባኝ። ተመልሼ ወረድኩ። ትንባሆውን እኔው ጨረስኩት።

ጰራቅሊጦስ እየቀረበ ነው። አውቃለሁ፤ አታስታውሺኝ። ለአባ ሄሽን አለመንገርሽን ግን አመሰግናለሁ።

ኦስቲን


ክሉናራ፣ ሜይ 25 ቀን 1963

ዊኒ ልጄ፣

ሄድኩ። እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ነገ ከነጋ የማሳምረው ይመስለኛል፣ ማሳመር ደግሞ ለዚህ ቤት አልበጀም።

ዶምኒክ ድንች እየላጠ ነበር። ተቀመጥ አላለኝም፣ ውጣም አላለኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ነፋሱን፣ የማላኪን ልኬት፣ ረቡዕ ቀን ያየሁትን። ቀና ሳይል ይልጥ ነበር።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«ይህችን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የፈጀህ? ወንድምህ ቢሆን ሁለት መጽሐፍ ያወጣባት ነበር።»

ከዚያ ነገረኝ። ከዚያው ሰኞ ጀምሮ ያውቃሉ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ማይክል ነበር፤ እዚህ በጠብም ቢሆን ቀብር አይቀርም። ዶማው የሆነ ብረት መታ። ጎንበስ ቢል የአባታቸው ምርኩዝ ጫፍ ነው። አብሮት ነበር የተቀበረው። ማይክል በእግሩ አፈር መለሰበትና ዝም ብሎ ቆፈረ። ማታ ለዶምኒክ ነገረው። የተፈነቀለ ሣር አይተውም፣ አለኝ ዶምኒክ፤ ያ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ቢላዋውን አስቀምጦ ነገረኝ።

«አንተ ከፊት ከወንዶቹ ጋር ትቀመጣለህ። ከኋላህ ምን እንዳለ አታውቅም። አባቴ በሩ ሥር ቆሞ ሲያስቀድስ ከጎኑ የምትቆመው ያንተ ሚስት ነበረች። በየእሑዱ። ወንበር ሞልቶ አልነበረም፤ ልትቆም ፈልጋ ነው። አንድ ቀን እንኳ አናግራው አታውቅም፣ ዝም ብላ ትቆማለች። እና የት ልናስተኛት ፈልገህ ነበር?»

ዊኒ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አልነገረችኝም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ያለ ፈቃዱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ታወጧታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ኦስቲን፣ አንተ ከልጅነትህም ደደብ ነበርክ» አለኝ። «ማይክልን ስናስገባ ጎን ለጎን ነው ያደረግናቸው። አሁን የሚቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። እሱም የእኔ ነው።»

እኔ ደግሞ የማላውቀው ፍርሃት ያን ጊዜ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እንዳያወጧት ስፈራ፣ እኔ ቦታ እንደሌለኝ አስቤው አላውቅም ነበር ማለት ነው። አንተ የራስህ መቃብር አለህ፣ ከወንድምህ ጋር ግባ አለኝ። ከማላኪ ጋር ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪበርድለት ብዙ ቆየ። አፉን ጠርጎ ምድጃውን አየ።

«የቀደመ ይግባ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከሁለታችን አንደኛችን ስንሞት። የቀደመው ከእነሱ ጋር ይገባል። የዘገየው ከማላኪ ጋር ሄዶ ተረት ይስማ። ከዚህ በላይ አልሰጥህም።»

እጄን ጨበጠኝ። እጁ የድንች ውኃ ነበረበት።

ጰራቅሊጦስ ካለፈ ማክሰኞ መምጣትሽን አልከለክልም። አልጋ አነጥፌልሻለሁ። ዶምኒክም ይመጣል።

አጎትሽ ኦስቲን


ክሉናራ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1963

ዊኒ ልጄ፣

መጽሐፉ እየገፋ ነው ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሐውልቱ ደህና ነው፤ ነፋሱም እስካሁን አልጣለውም። «ደራሲና ገበሬ» የሚለውን ለማንበብ ከሩቅ የሚመጡ አሉ። በጎቼን እየነዳሁ አልፋቸዋለሁ።

ሰኔ ላይ የጠየቅሽኝን ያን ጊዜ አልመለስኩልሽም። አባ ሄሽን ድንበርህን አሳይ ሲሉት ዶምኒክ ለምን እንዲያ ጫማውን አውልቆ ቆመ ብለሽኝ ነበር። እግሩን ያሳረፈው ከእሷ ራስጌ ላይ ነው። በጫማ መርገጥ አልፈለገም። «ከዚህ ወዲያ የእኛ ነው፣ ዶማ አይነካውም» ሲል አንቺም ሰምተሻል። ቄሱ ግን ከጭቃው የተነሣ መስሏቸዋል።

አሁን ዋናውን ልጻፍልሽ፤ ቸኩያለሁ።

ከበጋው ጀምሮ ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው የዶምኒክን ጭስ ነው። ጭሱ ከወጣ ላሜን አልባለሁ። እሱም እንደዚያው የእኔን እንደሚያይ አውቃለሁ። መስከረም ላይ የጣሪያዬን ሣር ልጠግን መሰላል ስወጣ ከኮረብታው እየሮጠ ወረደ፣ በዚያ ዕድሜው። «ከጣሪያ ወድቀህ ልትቀድመኝ ነው?» ብሎ ከመሰላሉ አወረደኝ። ሦስት ቀን ራሱ ሠራው። ሻይ ሰጠሁት፣ ቀጭን ነው ብሎ ሰደበኝ፣ ጠጣው።

ሰኞ ጠዋት ጭስ አልወጣም። ላሚቱን አልቤ ጨርሼ አየሁ፣ የለም። ኮረብታውን ወጣሁ። ውሻው አልጮኸም። አልጋው ላይ ነበር፣ ፊቱ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ደረቱ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ። ሳልናገር ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀውን የአፈር ማገዶ አምጥቼ እሳት ማንደድ ጀመርኩ።

«ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«እሳት አነድዳለሁ።»

«ቦታው እንዳያመልጥህ ነው።»

«ነው» አልኩት።

«ደግ። ሌላ ምክንያት ብትነግረኝ አስወጣህ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እወጣለሁ። የእሱንም ላም አልባለሁ። የአጃ ሾርባ እሠራለሁ፤ ውሻ አይበላውም ይላል፣ ግን ይጨርሳል። ሐኪም ልጥራ ስለው ሐኪም ያየው ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ እምቢ አለ። ትናንት ግን አልሰደበኝም። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ «በቃኝ፣ ኦስቲን» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ስሜን ያለ ስድብ የጠራኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቃል ወዲህ በየመስመሩ እየተነሣሁ ጭሱን አያለሁ፤ ጽሑፌ የባሰበት ለዚህ ነው።

ብራድፎርድ ጥሩ ፋርማሲ አለ ብለሽኝ ነበር። ለደረት የሚሆን፣ ከሁሉ ጠንከር ያለውን መድኃኒት ገዝተሽ በመጀመሪያው ፖስታ ላኪልኝ። ለእኔ አይደለም።

አጎትሽ፣
ኦስቲን ጊንቲ